ጥላ ሌላ፣ ሽፋን ሌላ፦ ከጅማ አካባቢ የአንድ ቡና ማድረቂያ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ያጋጠመን ከጅማ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ አነስተኛ የቡና ማጠቢያ ሳይት ነው። ባለቤቷ ዕድሜያቸውን በቡና ሥራ ያሳለፉ እናት ናቸው፤ ሠራተኛው ሁሉ «እትዬ» ይላቸዋል፣ እኛም እንደዚያው። እኛ ስል እኔንና ሂርማታ አካባቢ የመኪና ሸራ፣ ድንኳንና የበረንዳ ጥላ የሚሰፋውን ባልደረባዬን ማለቴ ነው። እትዬ የጠሩን የታጠበ ቡናቸው በቅምሻ እየወረደባቸው ስለሄደ ነበር። መፈልፈያው ተፈትሿል፣ የማብላያው ገንዳ ታይቷል፣ ውሃውም ተመርምሯል፤ እንከኑ ግን አልጠፋም። ብዙው ፍሬ ቅርፊቱ ተሰነጣጥቆ ይገኛል፤ ከአንዳንዱ አልጋ፣ ማለትም ቡናው ከመሬት ከፍ ብሎ ከሚሰጣበት ማድረቂያ፣ የሚወርደው ደግሞ የሻገተ ጆንያ ይሸታል። አንደኛው እንከን ከመጠን ያለፈ ፀሐይ፣ ሁለተኛው የታፈነ እርጥበት የሚያመጣው ስለሆነ ሁለቱን ማንም አያይዞ አላያቸውም ነበር። የሁለቱም መነሻ ግን አልጋው ላይ የሚዘረጋው ጥቁር ላስቲክ ሆኖ ተገኘ።

ጅማ ላይ ቡና ማድረቅ የራሱ ጣጣ አለው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ሆና በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች፤ ክረምቱም መስከረም ጠባ ብሎ ጓዙን ጠቅልሎ አይሄድም። እሸቱ የሚለቀመው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ጥቅምት ላይ ከሰዓት በኋላ ድንገት ወረድ የሚል ዝናብ ብርቅ አይደለም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ጥርት ሲል ደግሞ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ማለዳ ሁሉ ነገር በጤዛ ርሶ ያድራል። ስለዚህ ያው አንድ አልጋ በአንድ ቀን ውስጥ ከቀትር ፀሐይ፣ ከማታ ዝናብና ከሌሊት ጤዛ መጠበቅ አለበት።

ታጥቦ የወጣ ቡና አልጋ ላይ ሲሰጣ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ጆንያ ውስጥ ሲገባ ከ10 እስከ 12 በመቶ መድረስ ይኖርበታል። ይህ ሁሉ ውሃ ቀስ ብሎ መውጣት አለበት፤ ፍሬው ራሱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ እንዳይሞቅ የሚመከረውም ለዚህ ነው። ከዚያ ካለፈ ፍሬውን የሸፈነው ስስ ቅርፊት፣ ሳይት ላይ ፓርችመንት የሚሉት፣ ቶሎ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ውስጡ ግን ገና እርጥብ ነው። ጠንቃቃ ሳይቶች ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት አልጋቸውን የሚሸፍኑት ይህንኑ ፈርተው ነው። በሌላ በኩል እርጥበቱ ታፍኖ ከቆየ ሻጋታ ይነሣል። ሻጋታ ጣዕም ከማበላሸት አልፎ ኦክራቶክሲን ኤ የሚባለውን መርዝ ሊያመነጭ ይችላል፤ የአውሮፓ ኅብረት ለተቆላ ቡና የፈቀደውን የዚህን መርዝ ጣሪያ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኪሎ ግራም ከ5 ወደ 3 ማይክሮ ግራም ዝቅ አድርጎታል። ገዢ ላኪውን፣ ላኪ አቅራቢውን የሚይዝበት ነገር ስለሆነ የአልጋ ሽፋን ተራ ነገር ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ሥራውን ከመጀመራችን በፊት ሠራተኞቹ ሲሸፍኑ ለማየት ተቀመጥን። ከሰዓት 8 ሰዓት ግድም በአጋሮ በኩል ዳመናው ጠቆረ። የተበላሸ ፍሬ ከሚለዩበት የለቀማ ጠረጴዛ ላይ ሴቶቹ ብድግ ብለው ወደ አልጋዎቹ ሮጡ። ላስቲኩ በየአልጋው ጫፍ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ሁለቱ በግራ፣ ሁለቱ በቀኝ ሆነው ይጎትቱታል። ከታች በኩል ያለው ፊቱ እርጥቡ ፍሬ ላይ ይለጠፍና ሲሄድ ቡናውን እየጠረገ ይሄዳል፤ ጠርዝ ላይ የነበረው ፍሬ ተንጠባጥቦ መሬት ይወድቃል። መሬት የነካ ፍሬ ወደ አልጋ መመለስ የለበትም፤ የአፈር ጣዕም ይዞ ይቀራል። በዚህ አካባቢ በብዛት የተተከለው 74110 የተባለው የቡና ዝርያ ፍሬው አነስ ያለ ስለሆነ ብክነቱ ዓይን አይገባም፤ መጥረጊያ ይዞ ከአልጋው ሥር የሄደ ሰው ግን ያየዋል። ዝናቡ ሲያባራ ላስቲኩ መሐል መሐሉን ረግቦ ውሃ ቋጥሮ ነበር። አንዷ ልጅ ከሥር በክርኗ ገፋ ስታደርገው ውሃው ተገልብጦ፣ ቀድሞ የተገለጠው ጎረቤት አልጋ ላይ ፈሰሰ።

ያ ውሃ ቀላል አይደለም። አልጋዎቹ 20 ሜትር ርዝመትና 1.5 ሜትር ስፋት አላቸው፤ 30 ካሬ ሜትር ማለት ነው። 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ በዚህ ስፋት ላይ ሲያርፍ 300 ሊትር፣ በክብደት 300 ኪሎ ይሆናል። ጠፍጣፋ ላስቲክ ይህን ሁሉ ተሸክሞ የሚያርፈው ቡናው ላይ ነው።

በማግሥቱ ቀትር ላይ ያየነው የባሰ ነበር። ያንኑ ጥቁር ላስቲክ ፀሐይ ለመከላከል ብለው ቡናው ላይ አነጠፉት። ጥቁር ነገር ፀሐይ ይጠጣል፤ ሙቀቱን ደግሞ ለነካው ነገር ያስተላልፋል። እጄን ከሥሩ ሳስገባ አክንባሎ እንደተከደነበት ምጣድ በእንፋሎት ጢም ብሏል፤ የላስቲኩ ውስጠኛ ፊት በውሃ ጠብታ ተሞልቶ ጠብታው መልሶ ፍሬው ላይ ይወርዳል። ላይኛው ፍሬ ሲቀቀል ሥረኛው ሲታፈን ይውላል። ስንጥቁም ሽታውም ከዚህ ይመጣ ነበር።

ታዲያ ለምን በየቀኑ በሰዓቱ አይሸፍኑም፣ ለምንስ ዳመናው ሲያልፍ ወዲያው አይገልጡም ብለን ስንጠይቅ እትዬ የሰጡን መልስ ሥራውን ሁሉ አቅጣጫ አስያዘልን። «ልጄ፣ ሸፍኑ ማለቱ ቀላል ነው» አሉኝ። «አራት ሰው ከለቀማ ላይ ተነሥቶ ነው አንድ አልጋ የሚሸፈነው። ሸፍነው ሳይጨርሱ ፀሐይ ይወጣል፤ ገልጠው ሳይጨርሱ ይዘንባል። ስንት ጊዜ ላስነሣቸው?» እውነታቸውን ነው። አራት ሰው የሚፈልግ ሽፋን የቱንም ያህል ጥሩ ጨርቅ ቢሆን ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ስለዚህ ለራሳችን ያስቀመጥነው መለኪያ አንድ ነበር፤ አንዲት ሠራተኛ ብቻዋን፣ ፍሬውን ሳትነካ መዘርጋትና መሰብሰብ መቻል አለባት። ይህን የማያሟላ ማንኛውም ሐሳብ ርካሽ ቢሆንም፣ ቢያምርም ይቅር አልን።

ሌላው ውሳኔ የፀሐዩን ጥላ ከዝናቡ ሽፋን መለየት ነበር። የቀትር ጥላ አየር የሚያሳልፍ፣ ብርሃኑን የሚቀንስ እንጂ የማይዘጋ መረብ መሆን አለበት። የዝናብ ሽፋን ግን ውሃ ማሳለፍ የለበትም። አንድ ጨርቅ ሁለቱን እንዲሠራ ስናስገድደው ሁለቱንም ያበላሻል፤ የእትዬ ሳይት ለዓመታት ያየችው ይህን ነው።

ጥላው የት ይሰቀል በሚለው ላይ ከእትዬ ልጅ ጋር ትንሽ ተከራከርን። እሱ ያሰበው ሰው ቆሞ እንዲያልፍበት በየአልጋው ላይ ረጃጅም ቋሚ ተክሎ መረቡን ከፍ አድርጎ መስቀል ነበር። ለዓይን ያምራል፤ ግን ጥላው አልጋው ላይ አያርፍም። ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ገደማ ላይ ናት። ቡና በሚደርቅባቸው ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ታኅሣሥ ላይ በእኩለ ቀን እንኳ ከአድማስ በላይ 59 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት እንጂ አናት ላይ አትቆምም። በዚህ የተነሣ የማንኛውም የተሰቀለ ነገር ጥላ በእያንዳንዱ ሜትር ከፍታ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ይሸሻል። የእትዬ አልጋዎች ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጉ ናቸው። መረቡ ከቡናው 2 ሜትር ከፍ ቢል ጥላው 1.2 ሜትር ተገፍቶ መተላለፊያው ላይ ይወድቃል፣ 1.5 ሜትር ስፋት ካለው አልጋ አብዛኛው ፀሐይ ላይ ይቀራል። በቃል ብቻ ከማስረዳት ብለን አንድ ሜትር ዱላ መሬት ላይ ቀጥ አድርገን ተክለን ጥላውን በሜትር ለካን። ልጁ ካየ በኋላ ክርክሩ አበቃ፤ የደቡቡን ጎን ማስረዘም አለብን ያለውም እሱ ራሱ ነው።

መረቡ ከቡናው 45 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ እንዲል ተወሰነ። በዚህ ከፍታ ጥላው የሚሸሸው 27 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ በደቡብ በኩል መረቡን ከአልጋው ጠርዝ 30 ሳንቲ ሜትር አሳለፍነው። በመረቡና በቡናው መካከል ያለው ክፍተት ለነፋሱ ይበቃዋል። የመረጥነው ግማሽ ያህሉን ብርሃን የሚያስቀረውን ነው። ከዚያ የጠበቀውን የሚሸጡም አሉ፤ ግን ዳመናማ በሆነ ቀን ማድረቁን ያጓትታል፣ መጓተቱ ደግሞ ወደ ሻጋታው ይመልሰናል።

ለዝናቡ መጀመሪያ የቀረበልን ያገለገለ የመኪና ሸራ ነበር። ጠንካራ ነው፣ ዋጋውም ደህና ነው፤ ግን ጠረኑ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ቡና ሽታ ይስባል፤ እርጥብ ቡና ደግሞ የበለጠ። በዚሁ ምክንያት ሠራተኞቹ ሌሊት ሌሊት የሚያለብሱትን የማዳበሪያ ጆንያም አስወጣን። በመጨረሻ የወሰድነው ለግሪን ሃውስ የሚሸጠውን፣ ፀሐይ እንዳያደርቀው መከላከያ የተጨመረበትን ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ ነው። ተራው ላስቲክ በአንድ የምርት ወቅት ፀሐይ ደርቆ እንደ ቅጠል ይሰባበራል፤ ይኼኛው ከዚያ በላይ ይቆያል። ብርሃን ማሳለፉም ጥቅም አለው፦ ዝናቡ ሲራዘም ቡናው ጨለማ ውስጥ አይቀመጥም።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። በአልጋው መሐል መስመር በየ5 ሜትሩ አንድ አንድ ቋሚ ቆመ፤ አናታቸውን ከቡናው 1 ሜትር ከፍ ብሎ የሚያያይዝ ቀጥ ያለ አጣና ተመታ። በየቋሚው ላይ የጎን ክንዶች ተሠሩ፣ የደቡቡ ረዘም የሰሜኑ አጠር ያለ፤ በክንዶቹ ጫፍ ዝገት የማይዘው ሽቦ ተወጠረ። መረቡ እንደ መስኮት መጋረጃ በቀለበት ሽቦዎቹ ላይ እየተንሸራተተ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ላስቲኩ ከላይኛው አጣና ተነሥቶ በሁለቱ ጎን ቁልቁል ይወርዳል፣ ሽቦውን አልፎ ይንጠለጠላል። ቁልቁለቱ 30 ዲግሪ ያህል ስለሆነ ውሃ የሚያርፍበት ቦታ የለውም።

ባልደረባዬ በላስቲኩ ላይ መርፌ አላሳረፈም። መርፌ የወጋው ላስቲክ ቀዳዳዎቹ በመስመር ስለሚሰለፉ የመጀመሪያው ጠንከር ያለ ነፋስ በዚያው መስመር ይቀድደዋል። ስለዚህ አናቱ ላይ በሁለት ቀጭን ጣውላ መካከል፣ የአሮጌ ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ከሥሩ ደልድሎ፣ ቆንጥጦ በሚስማር መታው። የታችኛውን ጠርዝ ደግሞ በቀርከሃ ዘንግ ላይ ጠቅልሎ፣ በቁመቱ በተሰነጠቀ የፕላስቲክ የውሃ ቱቦ ቆልፎ አሠረው። ላስቲኩ በየ5 ሜትሩ ተከፋፍሏል፣ አንዱ በሌላው ላይ አንድ ክንድ ያህል ይደራረባል። ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ገመድ ከዘንጉ ሥር ዞሮ፣ አናቱ ላይ ባለ ቀለበት አልፎ፣ ወደ ሠራተኛዋ ይመለሳል። ገመዱን ስትስበው ዘንጉ ላስቲኩን በራሱ ላይ እየጠቀለለ ይወጣል፤ ስትለቀው በራሱ ክብደት እየተንከባለለ ይወርዳል። ቡናው ላይ ምንም አይጎተትም። ማሠሪያው በአንድ እጅ የሚፈታ ሸምቀቆ ነው፣ ሌላው እጇ ላይ ማማሰያ ሊኖር ይችላልና።

መረቡ ግን ይሰፋል፤ የባልደረባዬ ሙያ የታየው እዚህ ላይ ነው። ጠርዙን ሁለቴ አጥፎ ጥብጣብ አስገባበት፣ ቀለበቱን ከእጥፋቱ ውስጥ አደረገው፣ ማዕዘኖቹ ላይ ሦስት ማዕዘን መደረቢያ ጨመረ። ክሩ ፖሊስተር ነው። ጥጥ ክር እርጥበት ያበሰብሰዋል፤ ናይለን ሲረጥብ ይለጠጣል፣ ፀሐይም ቶሎ ያዳክመዋል።

ይህን ጥንቃቄ የወሰደው በጀልባ ላይ ጥላና የሸራ ልብስ ከሚሰፉ ባለሙያዎች ነው። በነፋስ የሚሄድ ጀልባ ሸራው ከፖሊስተር ይሠራል፤ ጀልባው ሲቆም ሸራው ፀሐይ ላይ ከተተወ ጨርቁ ይዳከማል፣ ስለዚህ ታጥፎ ልብስ ይለብሳል። ልብሱ ብዙ ጊዜ ቀለሙ ክሩ ከመፈተሉ በፊት የገባበት አክሪሊክ ጨርቅ ነው፤ ዝናብ ይመልሳል፣ እንፋሎት ግን ያስወጣል፤ ከታች በኩልም ጥርቅም ተደርጎ አይዘጋም፣ ከተዘጋ ሸራው ውስጥ ውስጡን ይሻግታል። እነዚህ ሰፊዎች ከሁሉ በላይ የሚፈሩት ስፌቱን ነው፤ ጨርቁ ገና ደህና ሆኖ ሳለ ክሩ ቀድሞ በፀሐይ ይሞታል። አቅም ያላቸው ቴፍሎን ከተሠራበት ዕቃ የወጣ፣ ፀሐይ የማይበግረው ክር ይገዛሉ። ጀልባ ላይ የሚዘረጋው ጥላም መሐሉ በገመድ ከፍ ተደርጎ፣ ጎኑ በዘንግ ተወጥሮ ነው ውሃ እንዳይቋጥር የሚደረገው። የእትዬ አልጋ ላይ ካደረግነው ብዙም አይርቅም።

ከዚያው ዘዴ ቀጥታ የተወሰደው ለለቀማው ጠረጴዛ የሰቀልነው ጥላ ነው። እርጥብ ፓርችመንት የሚለቅሙት ሴቶች ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነበር የሚቆሙት፤ ቡናውም አብሯቸው። 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ሸራ በአራት ቋሚ ላይ ተወጠረ። ጠርዞቹ ቀጥ ብለው አልተቆረጡም፤ እያንዳንዱ ጎን መሐል ላይ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ጎበጥ ብሎ ነው የተቆረጠው። ማዕዘኖቹ ሲሳቡ የጎበጠው ጠርዝ ይወጠራል፤ ቀጥ ያለ ጠርዝ ቢሆን ረግቦ በነፋስ እየተርገበገበ ስፌቱን ያላላል። ሁለቱ ተቃራኒ ማዕዘኖች ከፍ፣ ሁለቱ ዝቅ ብለው ስለታሠሩ ዝናቡ በሁለቱ ዝቅተኛ ማዕዘኖች ይወርዳል። እውነቱን ለመናገር ከሥራው ሁሉ ሴቶቹ የወደዱት ይህን ነው፤ ለአልጋው ሽፋን የመጣ ሰው እነሱን የሚያስብ አልመሰላቸውም ነበር።

ሌሊቱን የፈታነው በአቡጀዲ ነው። ሽታ በሌለው ሳሙና ታጥቦ በውሃ የተለቀለቀ ነጭ አቡጀዲ ማታ ቡናው ላይ ይነጠፋል፤ ከዚያ ላስቲኩ ይወርዳል፣ የአልጋው ሁለት ጫፎች ግን ክፍት ይቀራሉ። ጠብታ ቢኖር ጨርቁ ላይ ያርፋል፤ ጠዋት ጨርቁ ተነሥቶ ገመድ ላይ ይሰጣል። ጫፎቹን ክፍት መተው ለሠራተኞቹ መጀመሪያ አልተዋጠላቸውም። ብርድ ይገባል ብለው አንድ ሌሊት ጥበቃው ጫፎቹን በጆንያ ደፈናቸው፤ ጠዋት ላስቲኩ ከውስጥ በውሃ ተንቆጥቁጦ፣ አቡጀዲው ሲጨመቅ ውሃ አወጣ። እትዬ ጨርቁን በእጃቸው ጨምቀው ለጥበቃው አሳዩት። ዳግመኛ አልተደፈነም።

በወቅቱ ያልሠሩም ነገሮች ነበሩ። ከቀርከሃ ዘንጎቹ አንዳንዶቹ ፀሐይ ላይ ሲውሉ ተሰነጠቁ፣ ስንጥቁም ላስቲኩን መቧጨር ጀመረ፤ በተላጠና በተስተካከለ ቀጭን ባሕር ዛፍ ተተኩ። ከሽቦ የተሠሩት የመጋረጃ ቀለበቶች ዝገው መንሸራተት እምቢ አሉ፤ ከውሃ ቱቦ የተቆረጡ ቀለበቶች ሆኑ። መሬት የገባውን የቋሚዎቹን እግር ምስጥ ጀምሮት ስለነበር በሚቀጥለው ዓመት እግራቸው በድንጋይ መሠረት ላይ እንዲቆም ተነጋገርን። ነፋስ ከጎን ሲመጣ የላስቲኩ መደራረቢያ ይነሣ ነበር፤ መደራረቢያውን ነፋሱ ከሚመጣበት በተቃራኒ ስናዞረው ተስተካከለ።

ቡናውን በተመለከተ ለውጡ መጀመሪያ የታየው አልጋው ላይ ነው። ቀትር ላይ የሚሰማው የቅርፊት መሰንጠቅ ድምፅ ቀነሰ፤ ከአልጋው ሥር የሚጠረገው ፍሬም እንደዚያው። ከጆንያው ይወጣ የነበረው ሽታ በዚያ ዓመት አልተመለሰም። ማድረቁ ግን ከበፊቱ ዘገም ብሏል፤ እትዬ በዚህ መጀመሪያ ቢሠጉም ውጤቱን ሲያዩ ተቀበሉት። ከሁሉ በላይ እኔን ደስ ያሰኘኝ ዳመና ሲመጣ ማንም አለመሮጡ ነው። በየአልጋው የተመደበችው ሠራተኛ ዞር ዞር እያለች ገመዶቹን ትለቃለች፣ ሌሎቹ ለቀማቸውን ይቀጥላሉ።

አሁን የቀረው የጀንፈሉ ነው። እትዬ ከእሸቱ ከፊሉን ሳይፈለፈል ከነሥጋው ያደርቃሉ፤ እሱ ሳምንታት ይወስዳል፣ ለዝናብና ለጤዛ የሚጋለጠውም በዚያው ልክ ነው። ለቀትር ፀሐይ ግን እንደ ፓርችመንቱ አይሰጋም፤ ፍሬው ገና በሥጋውና በቆዳው ተሸፍኗልና። ስለዚህ ለእነዚያ አልጋዎች የመረቡን ወጪ ትተን ላስቲኩንና ገመዱን ብቻ እንድንሠራ ተስማምተናል፤ አቡጀዲው ግን ይቀጥላል። ጀንፈል ወፍራም ሆኖ ስለሚሰጣና ብዙ ስለሚማሰል የጎን ክንዶቹን ከፍ ማድረግ ሳያስፈልግ አይቀርም፤ ልኩን ከሚያማስሉት ሴቶች ጋር አልጋው ላይ ቆመን ነው የምንወስደው።